የደብዳቤው አደራ፦ በቅኝ አገዛዝ ዘመን የፖስታ ቤት ሹም ታማኝነቱ ለማን ነበር?

አንድ ሰው አገሩን ለያዘ ባዕድ መንግሥት ሲያገለግል ታማኝነቱ ለማን ነው? ደመወዝ ለሚከፍለው ነው፣ ለተወለደበት ሕዝብ ነው ወይስ በእጁ ለተሰጠው ሥራ? ይህ ጥያቄ በወታደሩና በአስተርጓሚው፣ በዳኛውና በግብር ሰብሳቢው ላይ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። የፖስታ ቤት ሹም ግን ብዙም አይታወስም። ጠመንጃ አልያዘም፤ ፍርድ አልሰጠም፤ ግብርም አልሰበሰበም። ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ ቴምብር ሸጠ፣ ማኅተም መታ፣ ደብዳቤ ለየ። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከሁሉም ይልቅ ጠርቶ የሚታየው በእርሱ ላይ ነው። ምክንያቱም በእጁ ያለው ነገር የመንግሥትም የእርሱም አይደለም፤ የሰው ነው።

በአማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሚስማማው ቃል «አደራ» ነው። አደራ ከስጦታም ከዕዳም ይለያል። ስጦታ ለተቀባዩ ይቀራል፤ ዕዳ በሌላ ገንዘብ ይከፈላል፤ አደራ ግን ያው ራሱ፣ እንደ ነበረ፣ ለባለቤቱ መድረስ አለበት። ስለዚህም «አደራ በላ» መባል ሌባ ከመባል የከፋ ስድብ ነው። ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ሰው ሲሆን፣ አደራ በላ ግን የሚክደው ያመነውን ሰው ነውና። የሱማሌው «አማኖ» ከዐረብኛው «አማና» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ከዚሁ ጋር አንድ ነው። የፖስታ ቤት ሹም ኑሮ በዚህ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከበርበራ እስከ ሀርጌሳ

እንግሊዝ በ1884 ግብጾች ለቀው ሲወጡ በርበራን ያዘች። ግዛቱ እስከ 1898 ድረስ ይተዳደር የነበረው በሕንድ መንግሥት ሥር ሆኖ በኤደን በኩል ነው። ፖስታውም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በበርበራ ደብዳቤ የሚልክ ነጋዴ በፖስታው ላይ የሚለጥፈው ቴምብር የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ያለበት የሕንድ ቴምብር ነበር። በ1903 በዚያው የሕንድ ቴምብር ላይ የግዛቱ ስም ታተመበት፤ በ1904 ደግሞ ሱማሌላንድ የራሷ ቴምብር ወጣላት። የመገበያያው ገንዘብ ግን እስከ 1951 ድረስ የሕንድ ሩፒ ሆኖ ቆየ። ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው የሚወጣው ደብዳቤ መጀመሪያ በግመል ጀርባ፣ በኋላም በጭነት መኪና ይጓዝ ነበር። በነሐሴ 1940 ኢጣሊያ ግዛቱን ያዘች፤ በመጋቢት 1941 እንግሊዞች ተመለሱ፤ ዋናው ከተማም ከበርበራ ወደ ሀርጌሳ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ሀርጌሳ የመንግሥት ወረቀት የሚነሣባትና የሚያርፍባት ከተማ ሆነች።

በዚያው ዘመን በጎረቤት ኢትዮጵያ አጼ ምኒልክ በ1894 የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም አዘዙ። ቴምብሩ በፓሪስ የተቀረጸ ሲሆን የንጉሠ ነገሥቱና የይሁዳ አንበሳ ምስል ነበረበት። አገሪቱም በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። እንግዲህ ከሐረር የተነሣ ደብዳቤ የገዛ አገሩን ንጉሥ ምስል ይዞ ሲሄድ፣ ከበርበራ የተነሣው የባዕድ ንግሥት ምስል ይዞ ይሄድ ነበር። የሁለቱ አገሮች ዕድል ልዩነት በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ከዚያች ወረቀት በታች ያለውን ይመለከታል። በቴምብሩ ላይ ያለው ምስል መለወጡ በፖስታው ውስጥ ያለውን አደራ ይለውጠዋልን?

በጥበቃ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ከነበሩት የጸሐፊነት ቦታዎች ብዙዎቹ በሕንዶችና በዐረቦች የተያዙ ነበሩ። የተማረው ሱማሌ ቁጥሩ ጥቂት ነበር፤ ወላጆች ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ይለቃሉ ብለው በመስጋት የመንግሥትን ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ተቃውመዋልና። ጥቂቶቹም ቢሆኑ ከውጭ ከመጣው ሠራተኛ ያነሰ ደመወዝና ያነሰ ዕድገት ነበር የሚያገኙት። በ1930ዎቹ የሱማሌ ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት ይህን አድልዎ ለመቃወም ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የመንግሥት ጸሐፊ የሆነ ሰው ቤተሰቡ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል በየወሩ የተቆረጠ ደመወዝ የሚገባበት፣ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት፣ ዘመድ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚመጣበት ቤት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «የመንግሥት ሰው» ተብሎ ጎረቤት ነገር የሚሸሽግበት ቤት ነው። አባት ማታ ሲገባ የሚጠየቀው ስለ ጤናው ብቻ አልነበረም። ማን ለማን ጻፈ? ምን መጣ? እርሱ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ። ዝምታው ለአንዳንዱ ኩራት፣ ለአንዳንዱም ክህደት መስሎ ይታይ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ዝምታው ከሥራው ሁሉ የከበደው ክፍል ነበር።

ቃል ሲላክና ወረቀት ሲላክ

የሱማሌ ቋንቋ በይፋ የሚጻፍበት ፊደል ያገኘው በጥቅምት 1972 ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚጻፈው በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነበር። ይህ ማለት ግን ሕዝቡ ከሩቅ አይነጋገርም ማለት አይደለም። መልእክት በግጥም ተቀምሮ በቃል ይላክ ነበር፤ ግጥሙን የያዘው ሰውም ከጎሣ ጎሣ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየተዘዋወረ ያደርሰዋል። በዚህ ባህል ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው አንዲት ቃል እንኳ ቀንሶ ወይም ጨምሮ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ የገጣሚውንም ስም አብሮ መናገር ግዴታው ነው። በጠብ ላይ ያሉ ሁለት ወገኖች የሚላላኩት ስድብም ሆነ የእርቅ ቃል የሚያልፈው በዚህ ሰው አንደበት ነው። መልእክቱን ባይወደውም ያደርሰዋል።

ወረቀት ሲመጣ ይህ ግዴታ አልጠፋም፤ ቅርጹን ለወጠ እንጂ። እንዲያውም በአንድ በኩል ከበደ። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁ ከኤደን ወይም ከካርዲፍ የላከውን ደብዳቤ ሲቀበል ፊደል ወደሚያውቅ ሰው ይሄዳል፤ ፊደል የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። እንዲህ ሲሆን ጸሐፊው ደብዳቤውን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ከፍቶ ማንበብም፣ መልሱን መጻፍም ሥራው ይሆናል። የቤተሰብን ኀዘን ከቤተሰቡ በፊት ያውቃል፤ የማን ልጅ ገንዘብ እንደላከ፣ የማን ልጅ እንደ ረሳ፣ ማን እንደ ተጣላ ያውቃል። በኢትዮጵያም ከተሞች ማመልከቻ ጸሐፊው ከፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ይህንኑ ሸክም ተሸክሟል። የሰውን ምሥጢር የሚያውቅና ኃይል የሌለው ሰው ሊፈራ አይገባም፤ የሰውን ምሥጢር የሚያውቅና ከመንግሥት ጋር የተያያዘ ሰው ግን ያስፈራል። ስለዚህም ጎረቤቱ ጸሐፊውን መጠራጠሩ ክፋት አልነበረም፤ ማስተዋል ነበር።

የጠላት አደራ

እዚህ ላይ መሠረታዊው ክርክር ይነሣል። የመጀመሪያው ወገን እንዲህ ይላል፤ ቅኝ ገዥ መንግሥት በግፍ የቆመ ስለሆነ ለእርሱ የሚገባ ታማኝነት የለም። የፖስታ ቤቱ ሹም ማኅተም በመታ ቁጥር ያንን ግፍ ያጸናል፤ ታማኝነቱም የባርነት ሌላ ስም ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ሰው ውል ከገባና ደመወዝ ከተቀበለ ውሉን መፈጸም አለበት፤ የመንግሥቱን መልካምነት መመዘን የእርሱ ድርሻ አይደለም ይላል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ስሕተት ይጋራሉ። ሁለቱም ደብዳቤው የመንግሥት እንደሆነ አድርገው ያስባሉ።

ደብዳቤ ግን የመንግሥት አይደለም። መንግሥት የሚያቀርበው መንገዱን፣ ከረጢቱንና ማኅተሙን ነው። በውስጡ ያለው ቃል ተጽፎ እስኪደርስ ድረስ የላኪው፣ ከደረሰ በኋላም የተቀባዩ ነው። በዚህ መካከል የያዘው ሰው ባለአደራ ነው። ባለአደራነቱም የሚመነጨው ከሾመው መንግሥት ሳይሆን ካመነው ሰው ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ፖስታ ቤት በቅኝ ገዥው ሕንጻዎች መካከል የተለየ ቦታ ነበር። በፍርድ ቤቱ፣ በግብር ቤቱና በጦር ሠፈሩ ገዥው የራሱን ነገር ያስፈጽማል፤ በፖስታ ቤቱ ግን የራሱ ያልሆነውን ለመጠበቅ ቃል ገብቷል።

ይህ አስተሳሰብ ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ አይደለም። በእስልምና የነቢዩ ሙሐመድ የሕይወት ታሪክ እንደሚተረከው፣ የመካ ሰዎች ነቢዩን ቢያሳድዱም ገንዘባቸውን በእርሳቸው ዘንድ በአደራ ያስቀምጡ ነበር፤ «አል-አሚን» ማለትም ታማኙ ተብለው ይጠሩ ነበርና። ወደ መዲና በተሰደዱባት ሌሊትም ዓሊን ወደ ኋላ ያስቀሩት አንዱ ምክንያት ያንን አደራ ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነው። ባለቤቶቹ ከሚያሳድዷቸው ሰዎች ወገን ነበሩ። የጠላት አደራም አደራ ነው፤ የሚመለሰው ባለቤቱ መልካም ሰው ስለሆነ ሳይሆን ነገሩ የእርሱ ስለሆነ ነው። ቁርኣንም በአራተኛው ምዕራፉ አደራን ለባለቤቱ መመለስን ያዝዛል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ያለው የኦርዮ ታሪክ ደግሞ የዚህን ነገር መራራ ገጽ ያሳያል። ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን ለማስገደል ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈ፤ የላከውም በኦርዮ በራሱ እጅ ነው። ኦርዮ ደብዳቤውን አልከፈተም፤ የገዛ ሞቱን ተሸክሞ አደረሰ። ታሪኩ ኦርዮን አይወቅስም፤ የሚወቅሰው ንጉሡን ነው። ይሁን እንጂ አንባቢን የማያስተኛ ጥያቄ ትቶ ያልፋል። ያልተከፈተ ደብዳቤ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ታማኝ መልእክተኛ የግፍ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

የማትሲኒ ደብዳቤዎች

ፖስታ ቤት የገባው ቃል ምን ያህል እንደሚጸና የተፈተነው በቅኝ ግዛት ብቻ አይደለም። የኢጣሊያን አንድነት የሚሻው ጁዜፔ ማትሲኒ በለንደን በስደት ይኖር ነበር። በ1844 የሚደርሱት ደብዳቤዎች ተከፍተው እንደገና የታሸጉ መሰለው። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ጥቃቅን ፍሬዎችን በፖስታው ውስጥ እየጨመሩ እንዲልኩለት አደረገ፤ ፖስታዎቹም ፍሬ አልባ ሆነው ደረሱ። ነገሩ በአቤቱታ ለእንግሊዝ ምክር ቤት ቀረበ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሰር ጀምስ ግራሃም ደብዳቤዎቹ በእርሱ ትእዛዝ መከፈታቸው ታወቀ። ከእነርሱ የተገኘው ወሬም ለኦስትሪያ መንግሥት ደርሷል ተብሎ ብርቱ ወቀሳ ተነሣ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የማትሲኒ ተከታዮች የነበሩት የባንዲየራ ወንድማማቾች በካላብሪያ ተረሸኑ። ሕዝቡ ሁለቱን ነገሮች አያይዞ አየ። ደራሲው ቶማስ ካርላይል ሳይቀር የታሸገ ደብዳቤ ሊከበር ይገባል ሲል በጋዜጣ ተከራከረ። ደብዳቤ በምሥጢር የሚከፍተው ክፍልም ተዘጋ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ደብዳቤ መክፈት በገዛ አገራቸው ነውር የሆነባቸው ገዥዎች ነውሩን በሌላው አገር እንደማይረሱት ነው፤ ለሕንድም ሆነ ለሱማሌላንድ ያወጡት የፖስታ ደንብ ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ ደብዳቤ የሚከፍተውን ሠራተኛ ጥፋተኛ የሚያደርገው ከዚሁ አስተሳሰብ ተነሥቶ ነው። ሁለተኛው፣ «ሕጋዊ ትእዛዝ» የሚለው በር ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የደብዳቤ ሳንሱር በመላው የእንግሊዝ ግዛት ተዘርግቷል። የለንደኑ ማትሲኒ ምክር ቤት ነበረለት፤ ጋዜጣም ነበረለት። የበርበራው ነጋዴ ግን ከሹሙ ሕሊና በቀር ማን ነበረው? ሕግ በሳሳበት ቦታ የአንድ ጸሐፊ ሕሊና የምክር ቤትን ያህል ይከብዳል።

ቀን ፖስታ፣ ማታ ብዕር

የበርበራ ፖስታ ቅርንጫፉ ከነበረበት ከሕንድ ፖስታ የአንድ ሰው ሕይወት ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ ያጎላዋል። ዲናባንዱ ሚትራ በ1830 በቤንጋል ናዲያ አውራጃ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በአንድ ባለርስት ዘንድ ሥራ ቢያስገቡት ያንን ትቶ ወደ ካልካታ ጠፋ፤ እየሠራም ተማረ። በ1855 በፓትና የፖስታ ቤት ሹም ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያም በኦሪሳ፣ በናዲያና በዳካ እየተዘዋወረ የፖስታ ቤቶችን ሥራ ተቆጣጠረ። ይህ መዘዋወር የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ እንዲያይ አደረገው። በዚያ ዘመን እንግሊዛውያን ባለእርሻዎች ለጨርቅ ማቅለሚያ የሚሆነውን የኢንዲጎ ተክል ገበሬው በግድ እንዲዘራ ያደርጉ ነበር፤ የቅድሚያ ገንዘብ እያበደሩ ከትውልድ ትውልድ የማይወጣበት ዕዳ ውስጥ ይከቱት ነበር። በ1859 ገበሬዎቹ አንዘራም ብለው ተነሡ። በ1860 ዲናባንዱ «ኒል ዳርፓን» ማለትም የኢንዲጎው መስተዋት የተባለውን ተውኔት ስሙን ሳይገልጽ በዳካ አሳተመ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ፖስታን መልሶ ይነካል። በ1861 ቄስ ጀምስ ሎንግ የተውኔቱን የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳተመ። የቤንጋል መንግሥት ጸሐፊ የነበረው ሴተን-ካር ደግሞ ከመጽሐፉ ወደ ሁለት መቶ የሚሆን ቅጂ በመንግሥት ፖስታ አሽጎ፣ ያለ ክፍያ በሚያልፈው በመንግሥት ማኅተም አሠራጨው። ባለእርሻዎቹ ተቆጡ፤ ሎንግም ተከሶ የአንድ ወር እስራትና የ1000 ሩፒ መቀጮ ተፈረደበት። መቀጮውን ካሊፕራሳና ሲንሃ የተባለ የቤንጋል ባለጸጋ ደራሲ እዚያው ከፈለለት። ሴተን-ካርም ተወቀሰ። ደራሲው ፖስታ ሹም ግን ሥራውን ቀጠለ።

የዲናባንዱን አካሄድ ልብ ማለት ይገባል። ግፍን ለመቃወም ደብዳቤ አልሰረቀም። ባለእርሻዎቹ የሚጻጻፉት በእርሱ ፖስታ ቤቶች በኩል ነበር፤ ምሥጢራቸው በእጁ ሥር ያልፍ ነበር። እርሱ የመሰከረው ግን በሜዳ ያየውን እንጂ ከታሸገ ፖስታ ያወጣውን አልነበረም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1784 በጻፈው ድርሰት ሹም በሥራው ላይ ሳለ ሥርዓቱን እንዲፈጽም፣ እንደ አዋቂ ሆኖ በአደባባይ ሲጽፍ ግን በነጻ እንዲናገር ያስተምራል። ዲናባንዱ ካንትን ሳይጠቅስ ይህን ኖረው።

ይሁን እንጂ ሕይወቱ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ትምህርቱ ቀላል በሆነ ነበር። በ1871 የእንግሊዝ ጦር በሰሜን ምሥራቅ ተራሮች በሚኖረው በሉሻይ ሕዝብ ላይ ሲዘምት፣ የዘመቻውን ፖስታ ያደራጀው ይኸው ሰው ነበር። ለዚህም አገልግሎቱ «ራይ ባሃዱር» የሚል የክብር ማዕረግ ተሰጠው። ለገበሬው እንባ ያፈሰሰ ብዕር የያዘ እጅ፣ ሌላውን ሕዝብ ለመቅጣት ለሚሄድ ጦር ከረጢት አዘጋጀ። እዚህ ላይ የኦርዮ ደብዳቤ ይመለሳል። ከረጢቱ የወታደሩን ለእናቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይዟል፤ የማቃጠልንም ትእዛዝ ይዟል። ሹሙ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ መለየት ከጀመረም ደብዳቤ ከፋች ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው? በአደራ መጠበቅና ዘመቻን በማደራጀት መካከል ልዩነት አለ። ለሁሉም ክፍት የሆነ ፖስታ ቤት መጠበቅ ላኪውን ሁሉ እኩል ማገልገል ነው። ለአንድ ዘመቻ ተብሎ የተዘረጋ ፖስታ ግን የዘመቻው አንድ ክንፍ ነው፤ ሉሻዩ በዚያ መስኮት ደብዳቤ አይልክም። ሹሙ በመጀመሪያው ሥራ ባለአደራ ነው፤ በሁለተኛው ግን አገልጋይ ነው፤ አገልጋይ ደግሞ የጌታውን ሥራ አብሮ ይሸከማል። «እኔ ወረቀት ብቻ አሳለፍሁ» የሚለው መከላከያ የሚያገለግለው መስኮቱ ለሁሉም ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። ዲናባንዱ በ1873 ገና በ43 ዓመቱ ሞተ። ጓደኛው ደራሲው ባንኪም ቻንድራ በጻፈለት የሕይወት ታሪክ ለድካሙ የሚገባውን ዕድገት አለማግኘቱን አውስቷል። ማዕረጉ ተሰጠው፤ ወንበሩ ግን ለነጩ ቀረ።

የጎደለው ደመወዝ

አድልዎ የደረሰበት ባለአደራ አደራውን ቢነካ ይፈረድበታልን? ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የሚሆነው ፓትሪስ ሉሙምባ ነው። በ1925 በቤልጂክ ኮንጎ የተወለደው ሉሙምባ በስታንሊቪል የፖስታ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል። በ1956 የፖስታ ቤቱን ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ተከሰሰ። ገንዘቡን መውሰዱን አልካደም፤ ነገር ግን ሚስትና ልጆች ያሉት የተማረ አፍሪካዊ እንደ አውሮፓውያን እንዲኖር እየተጠበቀበት የአውሮፓውያኑን ደመወዝ እንደማያገኝ አስረዳ። ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ተቀንሶም በ1957 ተፈታ። ሰኔ 30 ቀን 1960 ኮንጎ ነጻ ስትወጣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር እርሱ ነበር። ይህ የሆነው ሱማሌላንድ ሰኔ 26 ቀን ነጻነቷን ባወጀች በአራተኛው ቀን ነው። በጥር 1961 ተገደለ።

ጠላቶቹ እስከ መጨረሻው ያችን ጉድለት ሲያነሡበት ኖሩ። ወዳጆቹ ደግሞ የቅኝ ገዥው ገንዘብ ራሱ የተዘረፈ ነውና መልሶ መውሰዱ ወንጀል አይባልም አሉ። ሁለቱም ፍርዶች ችኩል ናቸው። የደመወዙ አድልዎ እውነተኛ በደል ነበር፤ በደሉን የሠራው ግን መንግሥቱ ነው። በፖስታ ቤቱ የቁጠባ ሣጥን ያለው ገንዘብ የመንግሥት ብቻ ቢሆን ክርክሩ ሌላ በሆነ፤ እዚያ የሚቀመጠው ግን የድሃውም ሳንቲም ነው። በደል የደረሰበት ሰው ካሳውን ከበዳዩ መጠየቅ ይችላል፤ ካመነው ሰው ሣጥን መውሰድ ግን አይችልም። የሱማሌላንድ ሠራተኞች በ1930ዎቹ የመረጡት መንገድ የቀና የሚሆነውም ለዚህ ነው። ማኅበር አቋቁመው፣ ስማቸውን ጽፈው፣ አቤቱታቸውን በገዛ እጃቸው ላኩ። ሉሙምባን ታላቅ ያደረገውም የወሰደው ገንዘብ አይደለም፤ በኋላ በአደባባይ የተናገረው ቃል እንጂ። አንድ ሰው በአደራ ጎድሎ በፍትሕ ሊበልጥ ይችላል፤ መብለጡ ግን ጉድለቱን መልካም ሥራ አያደርገውም።

የራስ መንግሥት ሲመጣ

ቅኝ ገዥው ሲሄድ ጥያቄው አብሮ ይሄዳል የሚል ተስፋ ነበር። ቴምብሩ ተለወጠ፤ ምስሉ የራስ ሆነ። ነገር ግን በየአገሩ እንደታየው ደብዳቤ የሚከፍት እጅ ቀለሙን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሀርጌሳ ላይ በ1982 የከተማዋን ሆስፒታል በራሳቸው ጥረት ለማሻሻል የተነሡ ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች ወጣት ባለሙያዎች «ኡፎ» በተባለ ጽሑፋቸው ምክንያት ጭምር ተከሰው ረጅም እስራት ተፈረደባቸው፤ የተፈቱትም በ1989 ነው። የገዛ ወገን መንግሥት የሰውን ጽሑፍ ሲፈራ ከባዕዱ የማይሻልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ለማን ታማኝ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለዛሬውም ሠራተኛ የቀረበ ነው።

በ1988 ከተማዋ በቦምብ ስትፈርስ ሕዝቧ ወደ ሐርትሼክና ወደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ የስደተኛ ሠፈሮች ተሰደደ። አንዳንዶቹ የአማርኛን ቋንቋ የለመዱት በዚያ ነው። ያኔ የቀረ ፖስታ ቤት፣ ማኅተም የሚመታ ሹም አልነበረም። ቃል በተቀዳ ካሴትና በሬዲዮ መገናኛ፣ ገንዘብም በሐዋላ ሰዎች እጅ ይላክ ነበር። ከረጢቱ ጠፋ፤ ሕንጻው ወደቀ፤ የአደራው ባህል ግን ተረፈ። ዛሬም በሀርጌሳ ጎዳና ገንዘብ ለዋጮች የሽልንግ ክምራቸውን በግልጽ ዘርግተው ይውላሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጣው የቀን ሠራተኛም ለእናቱ የሚልከውን ገንዘብ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል፤ እናቱም ትቀበላለች። ይህን የሚያስችለው ፖሊስ ወይም ደንብ ብቻ ቢሆን ኖሮ መንግሥት ባልነበረባቸው ዓመታት ሁሉም በፈረሰ ነበር።

ከዚህ አንጻር በቅኝ አገዛዝ ዘመን የኖረው የፖስታ ቤት ሹም ሊመዘን የሚገባው በለበሰው ዩኒፎርም ወይም በሸጠው ቴምብር አይደለም። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። በመስኮቱ የሚቆመውን ሰው ሁሉ እኩል አገለገለን? የታሸገውን እንደታሸገ አደረሰን? ክፈት ሲባልስ ምን አለ? ሁለቱን አድርጎ በሦስተኛው ያልወደቀ ሰው የማንም መንግሥት አሽከር አልነበረም። ልጆቹም «አባታችን ለእንግሊዝ ሠራ» ሲባሉ የሚያፍሩበት ምክንያት የላቸውም፤ የሠራው ደብዳቤ ለጻፈው ሰው ነበርና። በሦስተኛው የወደቀው ደግሞ የነጻነት ቀን ባንዲራ ይዞ ቢወጣም ዕዳው አልተሰረዘለትም። ሕዝብ መንግሥትን ለመለወጥ ድምፅና ጉልበት ያስፈልገዋል፤ እርስ በርሱ ለመተማመን ግን የሚያስፈልገው በየመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው ዝም ብሎ የተሰጠውን ማድረሱ ነው። ሁለተኛው በሌለበት የመጀመሪያው ብዙ አይጸናም።